«12ኛን አብሬያቸው አልጨረስኩም፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«የዚህ አምድ አዘጋጅ፣ የ37 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃም የተማርኩት እዚሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄድኩ፤ በ2006 ዓ.ም. ብዙ ሰው ሲመለስ እኔም ተመለስኩ። አሁን አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ተመስገን ነው። በቅርቡ የያኔዎቹ የክፍል ልጆች በቴሌግራም ተሰባስበው፣ 12ኛ የጨረሱበትን 20ኛ ዓመት በ2019 ዓ.ም. ለማክበር መዘጋጀት ጀምረዋል። አንዷ አግኝታኝ ግሩፑ ውስጥ አስገባችኝ። ዶክተር የሆነ አለ፣ ኢንጂነር የሆነ አለ፣ ከአሜሪካ የሚመጡም አሉ። 9ኛና 10ኛ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዬ አሁን ቨርጂኒያ ናት። መግባቴን እያየች አንድ ቃል አልጻፈችልኝም፤ እኔም አልጻፍኩላትም። 12ኛን አብሬያቸው ስላልጨረስኩ የእነሱ ነኝ ለማለት አፈርኩ። መዋጮውም ይከብደኛል። ብሄድ ‹የት ደረስሽ?› ይሉኛል፤ ብቀር ደግሞ እንደቀረሁ መቅረቴ ነው። ከረሱኝ ሰዎች ጋር ምን አለኝ? እባክዎ ይምከሩኝ።»
ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳሻለሁ። ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት ግን ለዚያች ለዴስክ ጓደኛሽ አንቺው ራስሽ ጻፊላት። ይህን የምልሽ ላባብልሽ ብዬ አይደለም። ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ፦ የእነሱን ዝምታ እንደ ፍርድ ወስደሽዋል። እሷ ያልጻፈችው ስለረሳችሽ ወይም ስለናቀችሽ ነው ብለሽ ደምድመሻል። አንቺ ያልጻፍሽው ግን ረስተሻት ወይም ንቀሻት አይደለም፤ አፍረሽ ነው። የራስሽ ዝምታ ኀፍረት ከሆነ፣ የእሷ ዝምታ ንቀት ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ? በቀድሞ የክፍል ጓደኞች መካከል የሚኖረው ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ሳይነጋገሩ የሚጋሩት ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ እንዳምን ያደረገኝን ልዘርዝርልሽ፤ ተቃውሞሽንም አልዘለውም።

መጀመሪያ «የእነሱ ነኝ ለማለት አፈርኩ» ያልሽውን እንየው፤ የቀረው ጭንቀትሽ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው፤ 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ ትምህርት፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ ሆኑ። በመካከላቸው ብሔራዊ ፈተና ገባ። ውጤቱ ከ4.00 ተሰልቶ፣ የመግቢያውን ነጥብ ያገኘ ወደ መሰናዶ፣ ያላገኘ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። ሥርዓቱ ገና ሲቀረጽ ሁሉም ተማሪ መሰናዶ ይገባል ተብሎ አልታሰበም። የአንድ ክፍል ልጆች እዚያ ላይ የሚለያዩት ሰነፍና ጎበዝ ስለነበሩ ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱ ራሱ እዚያ ላይ እንዲከፈል ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ያ ፈተና ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀርቷል። አገር የተወውን መለያ አንቺ በ37 ዓመትሽ ስለምን ይዘሽው ትኖሪያለሽ? ደግሞም መሰናዶ የገቡት ልጆች ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው እንደ አዲስ ተደልድለዋል። 12ኛ ላይ አብረው የነበሩት ብዙዎቹ 9ኛ ላይ አብረው አልነበሩም። አንቺና የዴስክ ጓደኛሽ ግን በአንድ ፈረቃ እየገባችሁ፣ የፕላዝማው ትምህርት ሳይጠብቃችሁ ሲያልፍ ያመለጣችሁን አንዳችሁ ከሌላችሁ ደብተር እየገለበጣችሁ ሁለት ዓመት አሳልፋችኋል። ይህን ዝምድና የሰጣችሁ ፈተናው አይደለም፤ ስለዚህ ፈተናው ሊወስደውም አይችልም።

«ረስተውኛል» ወደሚለው ልለፍ። ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል፤ ለብዙ ነገር እውነት ነው። ስለ ክፍል ጓደኛ ግን የሚታወቀው ከዚህ ይለያል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃሪ ባህሪክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት 392 የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃንን ፈትነዋል። ከተመረቁ ጥቂት ወራት የሆናቸው ነበሩ፤ 50 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡም ነበሩ። ከማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ መካከል የክፍላቸውን ልጆች እንዲለዩ ሲጠየቁ፣ 30 ዓመት ያለፋቸው እንኳ ከ10 ፊት ወደ 9 የሚጠጋውን ለይተዋል። የክፍላቸውን ልጆች ስም ያለ ምንም ፍንጭ ከራሳቸው አውጥተው እንዲጽፉ ሲጠየቁ ግን ያስታወሱት ትንሹን ክፍል ብቻ ነው፤ ዓመቱ በረዘመ ቁጥርም ያ ትንሹ እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ስምሽን ማንም አለማንሣቱ ከአእምሯቸው ለመውጣትሽ ማረጋገጫ አይሆንም። ትዝታው አለ፤ የጎደለው የሚቀሰቅሰው ነገር ነው። ግሩፑ ላይ የሚያዩት ስልክ ቁጥር ወይም የአበባ ሥዕል ከሆነ ማንን ያስታውሱ? የዚያን ዘመን ፎቶ ካለሽ ለጥፊውና የሚሆነውን እዪ። «አሜሪካኖቹ በየዓመቱ የሚታተም የተማሪዎች ፎቶ መጽሐፍ አላቸው፤ እኛ የነበረን ኦቶግራፍ ብቻ ነው» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ዘንድ ያለውንም ቁጠሪ፤ አሜሪካ ውስጥ ተማሪው በየክፍለ ጊዜው ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል፣ እኛ ጋ የሚዘዋወረው መምህሩ ነው። የአንድ ሴክሽን ልጆች ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ለመተዋወቅ የእኛው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ታዲያ ካልረሱሽ ለምን ዝም አሉ? ይህንን በቀጥታ የሚመልሱ ጥናቶች በቅርብ ዓመታት ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በ13 ሙከራዎች ከ5,900 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ነው። ለቆየ ወዳጃቸው አጭር መልእክት ወይም ትንሽ ስጦታ የላኩ ሰዎች፣ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሲገምቱ አሳንሰው ገመቱ። መልእክቱ ይበልጥ ያልተጠበቀ በሆነ መጠን ደግሞ የተቀባዩ ደስታ ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላራ አክኒንና ጂሊያን ሳንድስትሮም የደረሱበት የአንቺን ነገር ይበልጥ ይመለከታል። የድሮ ወዳጃቸውን ማግኘት የሚፈልጉ፣ አድራሻውም ያላቸው፣ መልእክት ለመጻፍም ጊዜ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የጻፉትን በእርግጥ የላኩት ከሦስቱ አንዱን እንኳ አይሞሉም። የራቀን ወዳጅ ማነጋገር እንግዳ ሰውን የማነጋገር ያህል ከብዷቸዋል። እንግዲህ አስቢው፤ ፍላጎቱ፣ አድራሻውና ጊዜው እያላቸው ዝም ያሉት አብዛኞቹ ናቸው። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ከንቀት ዝምታ በምንም አይለይም። አንቺም ያየሽው ዝምታውን ብቻ ነው።

ዝምታው እንዴት እንደጀመረም ማወቅ ቂምን ያቀላል። ሳም ሮበርትስና ሮቢን ደንባር በብሪታንያ ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎችን ለ18 ወራት ተከታትለው ነበር። የዘመድ ቅርበት ሳይገናኙም ሲቆይ፣ የጓደኛ ቅርበት ግን ካልተጠያየቁበት ይቀዘቅዛል፤ በሴቶች መካከል ደግሞ ከቅዝቃዜ የሚጠብቀው በተለይ መነጋገር ነው። እናንተ በምን ትነጋገሩ ነበር? በ1997 ዓ.ም. ሞባይል በተማሪ እጅ ብርቅ ነበር። አንቺ ከትምህርት ቤት ወጣሽ፤ እሷ መሰናዶ፣ ከዚያም ምናልባት ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አንቺ ባሕር ተሻገርሽ፣ እሷም በበኩሏ ተሻገረች። ማንም ማንንም ሳይበድል ግንኙነቱ ተቋረጠ። ቂም የሚያዘው ደግሞ በዳይ ሲኖር ነው።

«ይሁን፤ ግን ለምን እኔ ልቅደም? የተሻለ ኑሮ ያላት እሷ አይደለችም?» ትይኛለሽ። ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ከአንቺ ጋር ነኝ። የደላው ሰው ያልደላውን ቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን በእሷ ቦታ ሆነሽ ነገሩን አንድ ጊዜ እዪው። እሷ አልፋ አንቺ ስትቀሪ ዝም ብላለች፤ ስትሰደጂ አልጠየቀችሽም፤ ስትመለሺም አልነበረችም። ዛሬ ድንገት «እንዴት ነሽ?» ብትል «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የሚል መልስ ልትፈራ ትችላለች። አንቺን የያዘሽ «አንሻለሁ» የሚል ስሜት ነው፤ እሷን የያዛት «በድያለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል። የእሷን ልብ እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂውም። ስለዚህ የሚያዋጣው ትርፍና ኪሳራውን ማመዛዘን ነው። ጽፈሽላት ባትመልስ የምታጪው አስቀድመሽ አጥቻለሁ ያልሽውን ነው፤ አዲስ ኪሳራ የለም። ብትመልስ ግን 20 ዓመት የተቋረጠ ወዳጅነት ይቀጥላል። ባትጽፊ ደግሞ የትኛው እውነት እንደሆነ ሳታውቂ ትኖሪያለሽ፤ ከሦስቱ እጅግ የከፋው ይህ ነው። ቀድሞ መጻፍ መለማመጥ አይደለም፤ የሚለማመጥ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ሰላምታዋን ነው።

«የት ደረስሽ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዱ ለወግ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከልቡ ይጠይቃል፣ ሊለካሽ የሚጠይቅም አይጠፋም። መልስሽ ለሦስቱም አንድ ይሁን፤ አጭርና እውነት፦ «ሳዑዲ ሠርቼ ተመለስኩ፣ ስፌት ቤት ከፈትኩ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንተስ?» ይህ የሚታፈርበት ታሪክ አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ወሎ ደግሞ ወጣቶቿ ወደዚያ አገር በብዛት ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እህቱ፣ አክስቱ ወይም ሚስቱ በዚያ መንገድ ያላለፈች ሰው ማግኘት ይከብድ ይሆናል። የሰው ቤት ሠርተሽ፣ ባዶ እጅሽን ሳትቀሪ፣ በራስሽ ሙያ ልጆች የምታሳድጊ ሴት ነሽ። ይህን ስትናገሪ ድምፅሽን ዝቅ የምታደርጊበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። «ዶክተሩም ትዳሩ ፈርሷል፣ ኢንጂነሩም ዕዳ አለበት» እያልሽ በሌሎች ጉድለት ለመጽናናት አትሂጂ። ያ ከመለካት አያወጣሽም፤ አንቺንም ለኪ ያደርግሻል።

ሌላው ጭንቀትሽ ገንዘብ ነው። መዋጮው ከአቅምሽ በላይ ከሆነ፣ ለሰብሳቢው በግል ደውለሽ የምትችዪውን መጠን ንገሪው። «ይህን ያህል እችላለሁ» ማለት ልመና አይደለም፤ በእድርም በማኅበርም አቅሙን የሚናገር አባል ከሚሸሽ አባል ይሻላል። ሙያሽም መዋጮ ሊሆን ይችላል፤ ለዝግጅቱ የሚሰፋ ነገር ካለ ጠይቂ። «እርዳታ ፈልጋ መጣች ይሉኛል» ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቂ። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቦስተን አካባቢ በሰው በኩል ሥራ ካገኙ ባለሙያዎች መካከል ከአምስቱ አራቱ ያህል ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን ጽፈዋል። የተማረው፣ ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴው ሁሉ በትውውቅ ይጠቀማል፤ ማንም «ለማኝ» አይለውም። አንቺ ደንበኛ ብታገኚ፣ ልጅሽ ትምህርት የሚጠቁመው ሰው ቢያገኝ ምን ነውር አለው? ነውር የሚሆነው ሰውን ለጥቅሙ ብቻ መፈለግ ነው፤ አንቺ ደግሞ ለዚያ ብትሆኚ ኖሮ እስከ ዛሬ አንዲትም መልእክት ሳትጽፊ አትቆዪም ነበር።

ምክሬ ወሰን አለው። ትምህርት ቤት ሳለሽ የደበደበሽ፣ ያዋረደሽ ወይም ክብርሽን የነካ ሰው እዚያ ካለና መገናኘቱ ቁስልሽን የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ለማንም የመሄድ ዕዳ የለብሽም። የጋራ ትዝታ ስላለ ብቻ በዳይን ማቀፍ ግዴታ አይሆንም። እንዲያ ከሆነ የምትወጂያቸውን ለይተሽ ለብቻ አግኚያቸው። በደብዳቤሽ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ያየሁት ኀፍረት ነው። በደል ካለበት ቦታ መራቅ ይጠብቃል፤ ከኀፍረት መሸሽ ግን ኀፍረቱን ያሳድገዋል፤ በተሸሸ ቁጥር ይበልጥ እውነት ይመስላልና።

ይህን አምድ ለሚያነቡ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ለሚያሰናዱም አንድ ቃል አለኝ፤ ከእህታችን ይልቅ ኃላፊነቱ የሚከብደው እናንተ ላይ ነውና። የምትጠሩትን ሰው ዝርዝር ከ12ኛ ክፍል ፎቶ አትጀምሩ፤ ከ9ኛ ክፍል ሮስተር ጀምሩ። የቀድሞ ስም ጠሪ መምህራችሁን ፈልጉ፤ እናንተ የዘነጋችሁትን እሳቸው ያስታውሱ ይሆናል። መዋጮውን አንድ ወጥ አታድርጉት፤ የሚችል እንዲጨምር፣ የማይችል የሚችለውን እንዲሰጥ፣ ማን ስንት እንደሰጠም በግሩፑ እንዳይነበብ አድርጉ። በዕለቱ ሰውን በማዕረጉ አታስተዋውቁ፤ ያኔ ዶክተርም ኢንጂነርም አልነበረም፣ በስም ነበር የምትጠራሩት። የሞቱትን ስማቸውን ጠርታችሁ አስቡ። አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ደስታችንን ያበላሽብናል፤ ሠርቶ ያገኘ ቢናገር ምን አለበት?» ይላል። ሥራውን መናገር ምንም የለበትም። ነገር ግን ያልቀናቸው ሁሉ ቀርተው የቀናቸው ብቻ የሚገናኙበት ዝግጅት የክፍል ልጆች መገናኛ አይባልም፤ ፈተናው የለያቸውን መልሶ የሚለይ ሌላ ፈተና ነው።

እህቴ፣ አሁን የምታደርጊውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። አክኒንና ሳንድስትሮም ያገኙት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ለጥቂት ደቂቃ ለቅርብ ሰዎቻቸው መልእክት ሲጽፉ የቆዩ ተሳታፊዎች፣ ከዚያ ለድሮ ወዳጃቸው ለመላክ ቀለል ብሏቸዋል፤ የላኩት ከግማሽ በላይ ናቸው። አንቺም አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ በየጊዜው ለምታገኚያቸው ለሁለት ለሦስት ሰዎች ሰላምታ ላኪ። እጅሽ ሲፍታታ ወደ እሷ እለፊ። ረጅም አትጻፊ፤ ለምን እንደጠፋሽ ማብራሪያ፣ ለምን እንደጠፋች ወቀሳ አታስገቢ። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር አንሥተሽ «አስታወስኩሽ፣ ደህና ነሽ ወይ?» በዪያት፤ መጻፍ ከከበደሽ በድምፅ ላኪላት። የሰዓቱ ልዩነት አለ፣ ሥራም አለ፤ በማግስቱ ባትመልስ አትደምድሚ። ከመለሰች በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ የምታውቂው አንድ ሰው አለሽ፤ እሷ ከአሜሪካ ባትመጣ እንኳ ስምሽን የምታነሣልሽ አለች። ካልመለሰች ግሩፑ ውስጥ ያስገባችሽን ልጅ «አብረን እንግባ» በዪያት፤ ፈልጋ ያገኘችሽ እሷ ናት፤ ካስታወሱሽ አንዷ አስቀድማ ራሷን አሳይታለች። ስትሄጂ እስከ መጨረሻው የመቆየት ግዴታ የለብሽም። ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ ብትወጪ ሄደሻል ማለት ነው።

ስትመለሺ ደግሞ አንድ ሥራ ይጠብቅሻል። ከእናንተ መካከል 10ኛ ሳይደርሱ የተዳሩ፣ አቋርጠው የወጡ፣ ዛሬ በማንም ስልክ ውስጥ የሌሉ ልጆች ይኖራሉ። እነሱም «ከረሱኝ ሰዎች ጋር ምን አለኝ?» እያሉ ይሆናል። ዶክተሩና ኢንጂነሩ እነዚህን ልጆች የሚያገኙበት መንገድ የላቸውም፤ አንቺ ግን ደሴ ነሽ፣ ደንበኞችሽ ሠፈሩን ያውቁታል። አንዷን ፈልገሽ አግኚና ስሟን አስመዝግቢ። ያኔ ለመታወስ ማንንም አትጠብቂም፤ የክፍሉን ልጆች የምታስታውሺው አንቺ ትሆኛለሽ።